ልጁ በማን መዝገብ ይጻፋል?

በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ፔቲጎ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ተርመን የሚባል ወንዝ መሐል ለመሐል ያቋርጣታል። ከወንዙ ወዲህ ያለው ሰፈር በዶኔጋል አውራጃ ሥር የአየርላንድ ሪፐብሊክ ነው፤ ማዶው፣ ተሊሆመን የሚባለው፣ በፈርማና አውራጃ ሥር የብሪታንያ ግዛት ነው። ድልድዩን በእግር ለመሻገር አንድ ደቂቃ ይበቃል። በ1922 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ ጦር በመድፍ ደብድቦ ከታጣቂዎች ያስለቀቃት ይህችኑ መንደር ነው። በኤፕሪል 1923 ደግሞ ጉምሩክ ሥራ ጀመረና ትናንት የጎረቤት ሱቅ የነበረው ዛሬ የውጭ አገር ሱቅ ሆነ። ፔቲጎ ከዚያ ሁሉ በፊት የምትታወቀው ግን በሌላ ነው፤ ወደ ሎክ ደርግ ደሴት የሚወርዱ ካቶሊኮች የሚያልፉባት መንገድ ናት። በዚያ ደሴት ላይ ሦስት ቀን በባዶ እግራቸው፣ በደረቅ ዳቦና ወተት በሌለው ሻይ ሱባኤ ይይዛሉ። እንግዲህ አንድ ነገር ከመነሻው ይያዝልኝ፦ ወንዙ የሃይማኖት ድንበር አይደለም። በወዲህም በማዶም ካቶሊክም ፕሮቴስታንትም ይኖራል። ክሎኸር የሚባለው የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ድንበሩን ተሻግሮ በሁለቱም መንግሥታት ግዛት ላይ ይዘረጋል፤ አንግሊካን የተባሉት ፕሮቴስታንቶች ሀገረ ስብከትም ስሙ ክሎኸር ነው፣ እሱም እንዲሁ ይዘረጋል። መንግሥታት የተከፈሉበትን መስመር አብያተ ክርስቲያናቱ አልተከፈሉበትም።

እንዲህ ባለ ቦታ አንዲት የፕሮቴስታንት ልጅ ካቶሊክ ብትወድ፣ ወይም ካቶሊኩ የፕሮቴስታንት ልጅ ቢያጭ፣ የምንሰማው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ልቦች ተፋቀሩ፣ ሃይማኖት ከለከላቸው። ልብ ወለዱም ፊልሙም እንዲህ አድርጎ ያቀርበዋል፤ አንባቢም ሃይማኖትን ከሳሽ፣ ፍቅርን ተከሳሽ አድርጎ ማንበብ ለምዷል። እኔ ግን ነገሩን ሳየው ክልከላው ያነጣጠረው በፍቅሩ ላይ ሆኖ አላገኘውም። ወጣቶች በገበያ ቀን ሲሳሳቁ፣ በዳንስ ቤት ሲተያዩ መንደሩ አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። ቁጣው የሚነሣው ነገሩ ወደ ጋብቻ ሲያመራ ነው፤ ጋብቻም የሚያስፈራው ልጅ ስለሚወለድበት ነው። ያ ገና ያልተወለደ ልጅ በማን ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ይነሣል? በማን ትምህርት ቤት ይገባል? የአያቱን እርሻ ሲወርስ መሬቱ ወደየትኛው ወገን ይዞራል? አድጎ ድምፅ ሲሰጥ ለማን ይሰጣል? ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ፣ መንደሩ የሚጠብቀው የፍቅረኞቹን ነፍስ ሳይሆን የልጃቸውን መዝገብ ነው። የምለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ማስረጃውን ግን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል፣ ምክንያቱም የሚቃወመኝ ሰው ጥሩ ጥሩ ነጥቦች አሉት።

ከ1908 በፊት በአየርላንድ አንድ ያልተጻፈ ልማድ ነበር። በድብልቅ ጋብቻ የሚወለዱ ወንዶች ልጆች የአባታቸውን፣ ሴቶቹ የእናታቸውን ሃይማኖት ይከተሉ ነበር። ወንድሙ ቅዳሴ ሲሄድ እኅቱ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ቤት ለዛሬ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሁሉም ቤተሰብ አደረገው ማለትም አይደለም። ቢሆንም ልማዱ የሚናገረው አለ። ሁለቱ ወገኖች በነገረ መለኮት አንዲት እርምጃ ሳይቀራረቡ፣ ልጆቹን እኩል በመካፈል ብቻ ሰላም ማውረድ ችለው ነበር። ማለትም ጠቡ የነበረው በድርሻ ላይ ነው፤ ድርሻው ሲስተካከል ጠቡ ይበርዳል። በ1907 ከሮም ወጥቶ በ1908 የትንሣኤ በዓል ሥራ ላይ የዋለው «ኔ ቴሜሬ» የተባለው ድንጋጌ ይህን ሚዛን አናጋው። ካቶሊክ የሆነ ሰው በካህን ፊት ካላገባ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ዘንድ አይጸናም፤ ካህኑ ድብልቅ ጋብቻ እንዲባርክ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ካቶሊክ ሆነው እንዲያድጉ ቃል መግባት ግድ ሆነ። ሁሉም፣ ወንዱም ሴቱም። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1910፣ በቤልፋስት የማካን ጉዳይ የሚባለው ፈነዳ። ካቶሊክ ባል ከፕሮቴስታንት (ከፕሬስቢቴሪያን) ሚስቱ ሁለቱን ልጆች ይዞ ተሰወረ፤ ሚስትየዋም ጋብቻችሁ አይጸናም ብሎ ያፈረሰብኝ ካህን ነው ስትል አቤት አለች። በባልና ሚስቱ መካከል በእውነት ምን እንደነበረ ያኔም ያከራክር ነበር። ጉዳዩ ግን እስከ ለንደን ፓርላማ ደረሰ፤ አየርላንድ ራሷን በራሷ ታስተዳድር የሚለውን ሐሳብ የሚቃወሙ ፕሮቴስታንቶችም ነገ በካቶሊክ መንግሥት ሥር ብንወድቅ የሚደርስብን ይህ ነው እያሉ ሰበኩበት። የአንድ ቤት ጠብ በአንድ ክረምት የአገር ጉዳይ ሆነ። የሆነበት ምክንያት ባልና ሚስቱ ስላዘኑ አልነበረም፤ ሁለቱ ሕፃናት በየትኛው ወገን ተቆጠሩ የሚለው ነበር።

ቁጥር ከእምነት እንደሚበልጥ ደግሞ ድንበሩ ራሱ ከተሰመረበት መንገድ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። በ1912 በአልስተር ክፍለ ሀገር ፕሮቴስታንቶች እንዳይለያዩ በቃል ኪዳን ሰነድ ላይ ፈረሙ፤ አልስተር ያኔ ዘጠኝ አውራጃ ነበረች። በ1920 የአየርላንድ መንግሥት ሕግ ሲወጣ ግን ለሰሜን አየርላንድ የተወሰዱት ስድስቱ ብቻ ናቸው። ዶኔጋል፣ ካቫንና ሞናሃን ተተዉ። ዘጠኙ ቢያዙ ፕሮቴስታንቱ ከግማሽ ጥቂት ብቻ ይበልጥ ነበር፤ በስድስቱ ግን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሦስቱ አውራጃዎች የነበሩ 70,000 ያህል ፕሮቴስታንቶች፣ ያንኑ ቃል ኪዳን የፈረሙ ሰዎች፣ ለሒሳቡ ሲባል ከወንዙ ወዲህ ቀሩ። የፔቲጎ ፕሮቴስታንቶች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የሃይማኖት ወንድምን አሳልፎ የሚሰጥ ድንበር ሃይማኖትን ለመጠበቅ የተሠራ ነው ብሎ ማመን ይከብደኛል። ኋላም ድንበሩን እንዲያርም የተቋቋመው ኮሚሽን በ1924ና በ1925 ሲሠራ የነዋሪውን ፍላጎት ለማወቅ ሰው ጠርቶ ድምፅ አላሰጠም፤ የ1911ን የሕዝብ ቆጠራ ገልጦ ካቶሊክ ስንት፣ ፕሮቴስታንት ስንት ብሎ ደመረ። ዘገባው በ1925 ተዳፍኖ እስከ 1969 ሳይታተም ቀረ፤ ድንበሩም ባለበት ጸና። የቀረው ትምህርት ግን ለመንደርተኛው ግልጽ ነበር፦ የት አገር እንደምትውል የሚወስነው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍህ ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ሁሉ፣ ወላጆቹ ቢያስቡትም ባያስቡትም፣ በአንድ ወገን የተጨመረ በሌላው የተቀነሰ ቁጥር ነው።

ሮዝሜሪ ሃሪስ የተባለች አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ በአንድ የድንበር አካባቢ ኖራ ያጠናችውን በ1972 አሳትማለች፤ የቦታውን እውነተኛ ስም ደብቃ ባሊቤግ ብላዋለች። በዚያ ገጠር ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ገበሬ በሥራ ይረዳዳል፣ ዕቃ ይዋዋሳል፣ ሲገናኝ በትሕትና ይነጋገራል። ጎረቤትነቱ የውሸት አይደለም። ሁለት ነገር ግን አይተላለፉም፦ መሬትና ልጅ። እርሻውን ለሌላው ወገን የሚሸጥ ሰው በራሱ ወገን እንደ ከዳተኛ ይታያል። ጋብቻ ስለሌለም በሁለቱ መካከል አማች የለም፣ ምራት የለም፣ የአክስት ልጅ የለም። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ጎረቤት በወፍጮና በአጨዳ ሊቀራረብ ይችላል፤ ጠብ በተነሣ ዕለት ግን ሰው የሚሮጠው ወደ ዘመዱ ነው፣ ዘመድ ደግሞ በሙሉ በአንድ ወገን ተከማችቷል። ለዚህ ነው በሰላሙ ቀን ወዳጅ የሚመስለው መንደር በአንድ ሌሊት ለሁለት የሚከፈለው። የውጭ ጋዜጠኛ መጥቶ «ትናንት አብረው ይበሉ ነበር» ብሎ ይገረማል። አብሮ መብላቱ እውነት ነው፤ አብሮ መውለድ ግን አልነበረም።

ይህ ሁሉ የድንበር ፖለቲካ ውጤት ነው፣ ድንበር በሌለበት እንዲህ አይሆንም ሊባል ይችላል። ታዲያ ከድንበሩ እጅግ ርቃ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ባለችው ፌዘርድ ኦን ሲ በ1957 የሆነውን እንይ። አንዲት የፕሮቴስታንት እናት ካቶሊክ አግብታ፣ ልጆቹን በካቶሊክነት አሳድጋለሁ ብላ ፈርማ ነበር። የመጀመሪያዋ ልጅ ስድስት ዓመት ሞልቷት ትምህርት ቤት የምትገባበት ጊዜ ሲደርስ የአካባቢው ካህናት የካቶሊክ ትምህርት ቤት እንድትገባ አጥብቀው ጠየቁ። እናትየዋ ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ይዛ ከአገር ወጣች። ከዚያ በኋላ የተደረገውን ልብ በሉ። የመንደሩ ካቶሊኮች ሴትየዋን ሊቀጡ አልቻሉም፤ የለችምና። ጎረቤቶቿን ቀጡ። ከፕሮቴስታንት ሱቅ መግዛት አቆሙ፣ የፕሮቴስታንት ገበሬ ወተት ፈላጊ አጣ፣ የሙዚቃ አስተማሪዋ ተማሪዎቿ ቀሩባት። እነዚያ ሰዎች በጋብቻው ውስጥ እጃቸው አልነበረበትም፤ አንድ ወገን ሁለት ልጅ ወስዷል ተብሎ ሌላው ወገን በጅምላ ዕዳውን እንዲከፍል ተጠየቀ። አንድ ጳጳስ በአደባባይ አድማውን ደገፉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤይመን ዴ ቫሌራ፣ ራሳቸው አጥባቂ ካቶሊክ ሆነው ሳለ፣ በጁላይ ወር በምክር ቤት ቆመው አወገዙት፤ ይህ ይመሰገንላቸዋል። ነገሩ የበረደው በመኸሩ የደብሩ ካህን ወደ አንዱ የፕሮቴስታንት ሱቅ ገብተው ሲጋራ ሲገዙ ነው ይባላል። የይቅርታው ቃል ከቤተ ክርስቲያን የመጣው በ1998፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ባልና ሚስቱስ? ታረቁ፣ አብረው ኖሩ፤ ልጆቻቸውን ወደየትኛውም ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤታቸው አስተማሯቸው። ጋብቻው ደኅና ነበር ማለት ነው። የመንደሩ ጠብ ስለ ትምህርት ቤቱ በር ብቻ ነበር።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ እናንሣ። የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዲህ ይለኛል፦ አንተ የምትቆጥረው ራስ ነው፤ እኛ የምናስበው ነፍስ ነው። ወላጅ ልጁን የዘላለም ሕይወት መንገድ ነው ብሎ በሚያምንበት ሊያሳድግ ግዴታ አለበት፤ ይህን ወደ ሒሳብ ማውረድ ማቅለል ነው። ተቃውሞው ቅንነት አለው፤ ያን ቃል ካስፈረሙት ካህናት ብዙዎቹም ከልባቸው ያምኑበት እንደነበር አልጠራጠርም። ግን ሁለት ነገር አይመልስም። አንደኛ፣ ከ1908 በፊትም የነፍስ መዳን ትምህርት ያው ነበር፤ ልጆች ግን ይካፈሉ ነበር። ሁለተኛውና የሚበልጠው፣ ክልከላው የካቶሊኮች ብቻ አይደለም። ፕሮቴስታንቶቹ ጋብቻ ምስጢር ነው የሚል ትምህርት የላቸውም፣ ከካህን ውጭ የተፈጸመ ጋብቻ ባዶ ነው የሚል ቀኖናም የላቸውም። ሆኖም ኦሬንጅ የተባለው የፕሮቴስታንቶች ማኅበር አባሎቹ ካቶሊክ እንዳያገቡ ይከለክላል፤ አግብቶ የተገኘም ሊባረር ይችላል። ትምህርታቸው የተለያየ ሁለት ወገኖች በአንድ ክልከላ ላይ ከተገናኙ፣ ክልከላው የመጣው ከሁለቱም የጋራ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የጋራ የሆነው ደግሞ መቀነስን መፍራት ነው። መንግሥትም ከዚህ አልራቀም። በ1950 የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቲልሰን ጉዳይ ፕሮቴስታንቱ አባት ከጋብቻ በፊት የፈረመው ቃል ያስገድደዋል ብሎ ፈረደ፤ ያኔ የነፍስ ጉዳይ የተባለው በዳኛ ማኅተም የሚፈጸም ውል ሆነ።

መፍራቱስ ትክክል ቢሆንስ? ይህን ተቃውሞ ከሁሉም አብልጬ አከብረዋለሁ፣ ምክንያቱም እውነት አለበት። ዛሬ ሪፐብሊክ በሆነው ክፍል ፕሮቴስታንቶች በ1911 ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ ያህል ነበሩ፤ በ1991 ሦስት በመቶ ያህል ሆኑ። የጠፉበት ምክንያት ብዙ ነው፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞተ አለ፣ ከብሪታንያ ጦርና አስተዳደር ጋር የወጣ አለ፣ ዛቻና ጥቃት ሸሽቶ የሄደ አለ፣ ከካቶሊኮቹ ያነሰ መውለዳቸውም አለ። ነገር ግን ድብልቅ ጋብቻ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይጻፋሉ የሚለው ሕግ በጥቂቶች ላይ ሲሠራ በሁለት ትውልድ ውስጥ አንድ ደብር ሊዘጋ ይችላል። እንግዲህ ልጁን «ካቶሊክ አታግባ» ያለ የዶኔጋል ፕሮቴስታንት አባት ጭፍን ጥላቻ ብቻ አልነበረበትም፤ የመጨረሻው የቤተሰቡ ፕሮቴስታንት እንዳይሆን ያሰላ ነበር። ስሌቱ ትክክል ነው። የምቃወመው መደምደሚያውን ነው። ያን ማኅበረሰብ ያሳሳው መፋቀሩ አይደለም፤ ቃሉ በአንድ ወገን ብቻ መፈረሙ ነው። የድሮው የመካፈል ልማድ ቢቆይ ኖሮ ድብልቅ ጋብቻ ለአንዱ ትርፍ ለሌላው ኪሳራ ባልሆነ። ጥቂቱን ወገን ፍቅርን ወደ መከልከል የገፋው ብዙኃኑ ልጁን በሙሉ መጠየቁ ነው። ጥፋተኛ ከተፈለገ ደግሞ ከሁለቱ ወጣቶች ቀድሞ ብዕሩን የያዘው ይጠየቅ።

ከወዲያ በኩል የሚመጣው ተቃውሞ ደስ የሚል ግን ደካማ ነው፤ ፍቅር ራሱ ግድግዳውን ያፈርሳል የሚለው። ፍቅረኞች ድልድይ ናቸው ይባላል። ጆን ሊንጋርድ በ1972 ባሳተመችው የወጣቶች ልብ ወለድ የቤልፋስት ካቶሊክ ወንድና የፕሮቴስታንት ሴት ይፋቀራሉ፤ መጨረሻቸው ግን ወደ እንግሊዝ መሄድ ነው፣ የተከታዩ መጽሐፍ ርእስም ስደትን ይጠራል። ደራሲዋ ከብዙ ሰባኪ ይልቅ እውነቱን አይታለች። በተጨባጭም ተጋቢዎቹ ወይ ይሰደዳሉ፣ ወይ አንዳቸው ወደ ሌላው ወገን ገብተው ይዋጣሉ፤ ድልድይ የሚሆን ዘመድ መንደሩ አያገኝም፣ የሚያጣው ግን አለ። መሣሪያ በበዛበት ዘመን ደግሞ ዋጋው ከስደት በላይ ነበር። በጁላይ 1997፣ የ1998ቱ የሰላም ስምምነት ሊፈረም ወራት ሲቀሩት፣ በሰሜን አየርላንድ በአጋሊ መንደር አንዲት የ18 ዓመት ካቶሊክ ልጃገረድ በፕሮቴስታንት ጓደኛዋ ቤተሰብ ቤት ተኝታ ሳለች በጥይት ተገደለች። ግድግዳውን ማፍረስ ለሁለት ወጣቶች ጫንቃ የምንተወው ሥራ አይደለም። ሕግና ትምህርት ቤት ያቆሙትን ሕግና ትምህርት ቤት ናቸው ማፍረስ ያለባቸው።

አንዳንዱ ፈርሷል። በ1970 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ደንቡን አለዘቡ፤ ካቶሊክ ያልሆነው ወገን ቃል እንዲገባ አይገደድም፣ ካቶሊኩ ብቻ የሚችለውን ያህል ለማድረግ ቃል ይገባል። በ1974 የሰሜን አየርላንድ ድብልቅ ጋብቻ ማኅበር ተቋቋመ። በ1981 ሁለቱም ወገኖች አብረው የሚማሩበት ላጋን ኮሌጅ በ28 ተማሪዎች ተከፈተ፤ ዛሬም ግን አብዛኛው የሰሜን አየርላንድ ልጅ የሚማረው በአንድ ወገን ትምህርት ቤት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ ከባዱ ፈተና ያለው በሥራ ሕጉ ላይ ነው። የሥራ አድልዎ እንዳይኖር አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ወገን መዝግበው ለመንግሥት ማሳወቅ አለባቸው፤ ሠራተኛው አልናገርም ካለ፣ ከተማረበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በመነሣት ወገኑ ሊገመት ይችላል። ቁጥር ፍትሕም ያመጣል ማለት ነው፤ ካቶሊኩ ከፋብሪካ በር እንዳይመለስ ያደረገው ይኸው ምዝገባ ነው። ስለዚህ አትቁጠሩ ብሎ መጮኽ አያዋጣም። ቁጥሩ ለአድልዎ ማረሚያ ይዋል፤ አገር ለመቁረጫ ሲውል ግን እያንዳንዱን አልጋና እያንዳንዱን የልጅ ስም የፖለቲካ ጉዳይ ያደርገዋል። የ1998ቱ ስምምነት የድንበሩን ዕጣ ለአብላጫ ድምፅ ስለተወ፣ ያ ሁለተኛው አጠቃቀም ዛሬም አልተዘጋም።

በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪው አሁን የሚከተለውን ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን ያደገበትንም ተጠይቋል። ሁለቱ ሲደመሩ በሰሜን አየርላንድ ከካቶሊክ ወገን የሆነው 45.7 በመቶ፣ ከፕሮቴስታንት ወገን የሆነው 43.5 በመቶ ሆነ። 9.3 በመቶው ከየትኛውም ሃይማኖት አይደለሁም፣ በየትኛውም አላደግኩም ብሎ መልሷል። አብላጫ ያለው የለም፤ ስለ ድንበሩ ሕዝበ ውሳኔ ቢጠራም በየትኛውም መዝገብ ያልተጻፉት ሰዎች ድምፅ ሳይገኝ የሚያሸንፍ ወገን አይኖርም።